ምስር ለቀማ፣ ሲኒ ቆጠራ፣ ፊደል ልየታ፦ ትንንሽ ልጆችን ቤት ውስጥ ለማስተማር

አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የፊደል ገበታ ፊት ቆማ ከ«ሀ» ተነስታ እስከ መጨረሻው በዜማ ትወርደዋለች። ቤተሰቡ ያጨበጭባል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም «እስቲ ድገሚው» ትባላለች። ከእንግዶቹ አንዱ ጣቱን «ሚ» ላይ አሳርፎ «ይህቺ ማን ናት?» ሲላት ግን ዝም ትላለች። ወይም ከመስመሩ ራስ ተነስታ «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለች ትደርስበታለች። «ሚ» ከገበታው ወጥታ ብቻዋን ካርቶን ላይ ብትጻፍላት ደግሞ ጭራሽ አታውቃትም።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። የተማረችው ዜማውን ነው፤ እሱንም ጥንቅቅ አድርጋ ይዛለች። ፊደል መለየት ሌላ ሥራ ነው፣ እሱን ያስጀመራት የለም። ቁጥር ላይም ያው ነው፤ እስከ ሃያ በአንድ ትንፋሽ የሚቆጥር ልጅ «አራት ማንኪያ አምጣልኝ» ሲባል እፍኝ ሙሉ ይዞ ይመጣል።

ይህ መመሪያ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ሰዎች ነው። የአፀደ ሕፃናት ክፍያ ከአቅም በላይ የሆነባቸው ወይም ትምህርት ቤቱ የራቃቸው ወላጆች አሉ። የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶች አሉ። በውጭ አገር ሆነው የልጃቸው አማርኛ እንዳይጠፋ የሚታገሉም ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ቤት ውስጥ ብዙ መሥራት ይቻላል።

በውጭ ያሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር በአሜሪካ በ50ውም ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ የምዝገባውና የቁጥጥሩ ደንብ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። በጀርመን ደግሞ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ትምህርት ቤት የመገኘት ግዴታ ስላለበት አይፈቀድም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከትምህርት ቤት በፊት ወይም ከትምህርት ቤት ጎን ለጎን የሚሠራ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል።

1. ሰዓቱንና ቦታውን ይወስኑ

ትንሽ ልጅ ሰዓት አያነብም፣ ተራን ግን ያውቃል። ቁርስ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ «የእኛ ጊዜ» ይመጣል። ተራው በየቀኑ ካልተዛባ ልጁ ሳይለመን ይቀመጣል፤ እንዲያውም ምንጣፉን ራሱ አንጥፎ ይጠብቃል። ለሦስት ዓመት ልጅ 10 ደቂቃ፣ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። የቀረው ትምህርት የሚገኘው በቤት ውስጥ ሥራ መሀል ስለሆነ ሰዓቱ አነሰ ብለው አይስጉ።

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። የተጋመሰ ደብተር፣ እርሳስ፣ ጠመኔ፣ ጫፉ ያልሾለ መቀስ፣ ከባዶ ካርቶን የተቆረጡ ካርዶች፣ አንድ የፊደል ገበታ፣ በጣሳ የተጠራቀመ ሠላሳ ያህል ቆርኪ። ልጁ ራሱ አውጥቶ ራሱ እንዲመልሳቸው ዝቅ ያለ ቦታ ያስቀምጧቸው። መመለሱም ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት ልጁን በማይሆን ሰዓት ማስቀመጥ ነው፤ ተቆጥተውት ሲያለቅስ በቆየበት፣ እንቅልፉ በመጣበት፣ ወይም ቴሌቪዥን እንደተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛትና ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለበት፣ ስክሪን ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ያልተኛና ሲሯሯጥ ያልዋለ ልጅ ምንም ቢያስተምሩት አይገባውም።

2. ከፊደል በፊት ጆሮውን ያዘጋጁ

ልጅ ፊደል ከማየቱ በፊት ቃል የሚባለው ነገር የሚቆራረጥ መሆኑ በጆሮው ሊገባው ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው እጅ ብቻ ነው። «ዶሮ» ይበሉና ሁለት ጊዜ ያጨብጭቡ፤ «ዶ፣ ሮ»። «ገበያ» ሦስት ነው። «ጫማ» ሁለት። ለመጀመሪያ የሚመረጡት እንዲህ ያሉ፣ የጭብጨባው ቁጥርና የፊደሉ ቁጥር የሚገጥምላቸው ቃላት ናቸው። «ማንኪያ» ግን በጭብጨባ ሦስት፣ በፊደል አራት ነው፤ መሀል ያለችው «ን» ከፊቷ ባለው ድምፅ ላይ ስለምትለጠፍ ልጅ ይወዛገብባታል። እንዲህ ያሉትን ለኋላ ያቆዩ።

ቀጥሎ የመነሻ ድምፅ ጨዋታ ይመጣል። «እዚህ ቤት ውስጥ በ‹ማ› የሚጀምር ነገር ምን አለ?» ማንኪያ፣ ማር፣ ማጠቢያ። ልጁ «ስኳር» ቢል አይሳቁበት፤ «ስኳር በ‹ስ› ነው የጀመረው፣ እስቲ በ‹ማ› እንፈልግ» ይበሉትና ይቀጥሉ።

እንቆቅልሽ ለዚህ ዕድሜ የተሠራ ይመስላል። ልጅ «ምን አውቅልህ» ብሎ ጆሮውን ያቀናል፣ የነገሩን መልክ በሐሳቡ ያገላብጣል፣ ይገምታል። የታወቁት ሲያልቁ የራስዎን ይፍጠሩ፦ «ውጭው ቢጫ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጥርስ የሌለውም የሚበላው።» ልጁ ሙዝ ብሎ ከመለሰ በኋላ እሱ በተራው ስለ ብርቱካን ወይም ስለ እንቁላል እንዲፈጥር ያድርጉ። ዕቃን ሳያሳዩ በቃል ብቻ መግለጽ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ከባድ ሥራ ነው፣ ቋንቋውም የሚያድገው በዚህ ነው።

ሲሳሳት አያቋርጡት። «ትናንት አክስቴ ጋ እሄዳለሁ» ቢል «አዎ፣ ትናንት አክስትህ ጋ ሄድን፤ ምን አበሉህ?» ብለው ትክክለኛውን በመልስዎ ውስጥ ያሰሙት። በውጭ አገር በእንግሊዝኛ ወይም በአረብኛ ለሚመልስ ልጅም መንገዱ ይኸው ነው። ያለውን በአማርኛ ይድገሙለትና ጨዋታውን ይቀጥሉ። «በአማርኛ ካልተናገርክ አልሰማህም» የሚሉት ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚያተርፉት ዝምታ ነው።

ለስክሪን የተመደበችውን ጊዜ እንደ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ባለ ለዚህ ዕድሜ በተዘጋጀ የአማርኛ ዝግጅት ላይ ያውሏት፤ አብረው አይተው ሲያልቅ «ምን ሆነች?» ብለው ይጠይቁ። ሳይጠየቅ የታየ ነገር ወዲያው ይረሳል።

3. ጣቶቹን ያበርቱ

እርሳስ የሚይዘው አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ነው። እነዚህ ሦስቱ ሳይጠነክሩ ልጅን ማስጻፍ እጁን ማሰቃየት ነው፤ ልጁ እርሳሱን በጭብጡ ይይዛል፣ ያንን መያዣ ካስለመዱት በኋላ ማስተው ይከብዳል። ጣት የሚያጠነክረው ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ ማዕድ ቤት ውስጥ ሞልቷል።

ምስር መልቀምን እንውሰድ። ሰፌድ ላይ አንድ ሲኒ ምስር ይበትኑና ልጁን አጠገብዎ ያስቀምጡ። «ጠጠሯን ፈልጋት» ይበሉት። ልጁ ፊቱን ወደ ሰፌዱ አስጠግቶ በሁለት ጣቱ ጫፍ ጠጠሯን ለማንሳት ይሞክራል፤ ታመልጠዋለች፣ ከምስሩ ጋር ትቀላቀላለች፣ እንደገና ይፈልጋታል። ሲይዛት ወደ ሌላ ሳህን ይጥላታል። በዚህች ሥራ ውስጥ መልክን መለየት አለ፣ ጣትን ማዘዝ አለ፣ ትዕግሥትም አለ። ሥራውን ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረገ እንዲሄድ ካስለመዱት ደግሞ ዓይኑ በኋላ መስመር ይዞ ለማንበብ ይዘጋጃል። የለቀመው ምስር ማታ ወጥ ሆኖ ሲቀርብ «ይህን የለቀመው እሱ ነው» ይባልለት። ይገባዋል።

ሌሎችም አሉ፦ ሊጥ ማድቦልቦል፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ያለቀ ጋዜጣ በእጅ መቅደድ፣ ካልሲ አጥቦ መጭመቅ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባለበት ሽንብራ፣ አተር፣ ኦቾሎኒና ቆርኪ በዝርግ አይተዉ፤ ጉሮሮ ይዘጋሉ፣ አፍንጫ ውስጥም ይገባሉ። ሁለተኛው እሳት ነው። ከሰል ምድጃ፣ የፈላ ጀበናና ሰታቴ ባለበት የልጅ ትምህርት የለም፤ የሚማረው እሳቱ ከመቀጣጠሉ በፊት ወይም ከጠፋ በኋላ ነው።

4. ቁጥርን በዕቃ ያስጀምሩ

ቁጥር መጥራትና መቁጠር የተለያዩ ናቸው። ለመለየት አምስት ቆርኪ ደርድረው «ስንት ነው?» ይበሉት። ልጁ ጣቱን እየቀሰረ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል። ጣቱንና አፉን ይከታተሉ። አፉ ከጣቱ ከቀደመ ወይም አንዱን ቆርኪ ሁለቴ ከነካ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር እንደሚሰጥ ገና አልያዘም። በትክክል ቆጥሮ ጨርሶ «እሺ፣ ስንት ሆነ?» ሲባል እንደገና ከአንድ ከጀመረ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ አልገባውም። ሁለቱም በአራት ዓመት አካባቢ የሚያጋጥሙ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም በየቀኑ በትንሽ በትንሹ በእውነተኛ ዕቃ መቁጠር ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የቡና ሰዓት ነው። ከሰሉ ከመቀጣጠሉ በፊት ረከቦቱን ለልጁ ያቅርቡና «ዛሬ ቡና የሚጠጣው ማን ማን ነው?» ይበሉት። «እማማ፣ አባባ፣ አክስቴ፣ ጎረቤታችን» እያለ በእያንዳንዱ ስም አንድ ሲኒ ያስቀምጥ። ከዚያ «ስንት ሲኒ አለ?» «አራት።» «አንድ ሰው ቢጨመርስ?» ልጁ አንድ ሲኒ ጨምሮ ይቆጥራል። «አክስትህ አልጠጣም ብትልስ?» አንዱን ያነሳል። መደመርና መቀነስ ማለት ይህ ነው፤ የ«+» እና የ«–» ምልክት ከዚህ በኋላ ሲመጣ ልጁ ምልክቱ የሚናገረውን ሥራ ቀድሞ ያውቀዋል። በምሳ ሰዓት ሳህን፣ ልብስ ሲታጠፍ ካልሲ እየተጣመረ ጥንድ በጥንድ፣ ዳቦ ሲቆረስ ግማሽና ሩብ ይማራል።

እስከ 5 ሳይጸና ወደ 10፣ እስከ 10 ሳይጸና ወደ 20 አይሂዱ። ከአሥር በላይ ሲደርሱ አማርኛ ያግዛል፤ «አሥራ አንድ»፣ «አሥራ ሁለት» ሲባል አሥርና ትርፉ በጆሮ ይሰማል። አሥር ቆርኪ በአንድ ጎን ከምረው ትርፉን በሌላ ጎን ቢያስቀምጡ ልጁ የሚሰማውን በዓይኑ ያየዋል። ይህ በውጭ ለሚያድጉና በትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ ለሚቆጥሩ ልጆችም ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ቅልልቦሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና ገበጣ ከማንኛውም የቁጥር ደብተር አያንሱም። ገበጣ የሚጫወት የስድስት ዓመት ልጅ በእፍኙ ያለው ጠጠር የትኛው ጉድጓድ ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማስላት ይጀምራል። ገንዘብም አለ፤ ሱቅ ሲሄዱ የአንድ ብር ሳንቲሞች ሰጥተውት እየቆጠረ ለባለሱቁ እንዲከፍል ያድርጉ፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው።

አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጥዎ። አምስት ቆርኪ ጠበብ አድርገው፣ ከሥሩ ሌላ አምስት ዘርዘር አድርገው ቢደረድሩ የአራት ዓመት ልጅ «የረዘመው ይበዛል» ይላል። ቢቆጥሩለትም ላያምን ይችላል። ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ግንዛቤ ስለሆነ በማስረዳት ብዛት አይፈጥንም። ይለፉት።

5. ፊደልን ከገበታው አውጥተው ያስተምሩ

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። የአማርኛ ፊደል 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ ማለትም 231 ነው፤ እንደ «ቋ»ና «ጓ» ያሉት ዲቃላዎች ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለልጅ ማሸከም ስለማይቻል ነው በዜማ የሚወረደው። ዜማው አይጠላም፤ ቅደም ተከተልን ያስይዛል። ችግሩ እዚያ ላይ ማቆም ነው።

መነሻው የልጁ ስም ይሁን። ስሙን በትልቁ ካርቶን ላይ ጽፈው የሚተኛበት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፣ በሌላ ካርቶን ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ቆርጠው ይስጡት። ልጅ የራሱን ስም ፊደላት እንደ ንብረቱ ያያቸዋል፤ መንገድ ላይ ታፔላ ላይ ሲያገኛቸውም «የእኔ ናት!» ይላል።

ከዚያ በኋላ በዓምድ ወደ ታች «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያሉ አይሂዱ። ግዕዙን ብቻ ይዞ ለወራት የቆየ ልጅ አንድም የረባ ቃል ማንበብ አይችልም፤ የአማርኛ ቃላት በሳድስና በራብዕ የተሞሉ ናቸው። በምትኩ አምስት ረድፍ ይምረጡና ከእነሱ ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን ብቻ ይውሰዱ፦ መ፣ ማ፣ ም፤ ለ፣ ላ፣ ል፤ በ፣ ባ፣ ብ፤ ሰ፣ ሳ፣ ስ፤ እንዲሁም አ እና እ። በድምሩ 14 ምልክት ናቸው። በእነዚህ ብቻ ላም፣ ሰላም፣ ስም፣ ልብ፣ ልብስ፣ ምላስ፣ አበባ፣ አሳማ፣ በላ፣ ሰማ፣ እማማ፣ አባባ ይጻፋል። «ለማ ሰላም አለ» እና «አበበ አበባ ሳለ» የሚሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችም ይወጣሉ። ልጁ ገና 14 ምልክት ሲያውቅ አንባቢ ይሆናል። ያቺ ቀን የምታመጣው ደስታ ለቀሩት ከሁለት መቶ በላይ ፊደላት ጉልበት ትሆናለች።

በመጀመሪያ መ፣ ለ እና አ ይቅደሙ፤ «ላም» እና «እማማ» ከዚያ ይገኛሉ። በ እና ሰ መልካቸው ለ-ን ስለሚቀርብ አንዱ ሳይጸና ሌላውን አያምጡ።

አንድን ፊደል ለማስያዝ የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች የሚከተሉት ባለ ሦስት እርከን አሠራር ቤት ውስጥም ይሠራል። በመጀመሪያ ሁለት ካርድ አስቀምጠው «ይህ ‹ለ› ነው፣ ይህ ‹መ› ነው» ይበሉ። ቀጥሎ «‹መ›ን ስጠኝ፤ ‹ለ›ን ከጀርባህ ደብቅ፤ ‹መ›ን በሩ ጋ አድርስ» እያሉ ያጫውቱት። በዚህ እርከን ረዘም ብለው ይቆዩ፣ ልጁ እየተንቀሳቀሰ የሚማርበት ስለሆነ። «ይህ ማን ነው?» የሚለው በመጨረሻ ይምጣ። ካልመለሰ አልያዘውም ማለት ነው፤ ሳይቆጡ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ከሦስተኛው ስለሚጀምር ነው። ገበታው ላይ እየጠቆመ «ይህስ? ይህስ?» ይላል፣ ልጁ ይጨነቃል፣ ፊደል ፈተና ይሆንበታል።

14ቱ ሲጸኑ ወደ ሌሎቹ ዓምዶች ይሻገሩ። ካዕብ በአብዛኛው ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት አለው፤ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ሣልስ ላይ ጭረቷ ወደ እግር ትወርዳለች፤ ሊ፣ ሚ፣ ቢ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ሌ፣ ሜ፣ ቤ። ይህን ሕግ ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ያድርጉ፤ ሦስቱን ካዕቦች ጎን ለጎን ደርድረው «ምናቸው ይመሳሰላል?» ይበሉት። እንደ ረ፣ ፈ እና የ ያሉት ከደንቡ ወጣ ስለሚሉ ለብቻቸው ይያዙ። ሳድስና ሳብዕም እንደዚሁ በየራሳቸው የሚለመዱ ናቸው።

ሌላም የሚያግዝ አለ። ሰ አናቱ ላይ ጭረት ሲጨመርለት ሸ ይሆናል፤ ተ ቸ ይሆናል፣ ነ ኘ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ። ጠ ደግሞ እግሮቹ ላይ ቀለበት ሲጨመርለት ጨ ይሆናል። ሰን ከነቤተሰቧ የያዘ ልጅ ሸን ለመያዝ ብዙ አይደክምም።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ድምፃቸው አንድ ነው። ከየቡድኑ አንዱን መርጠው ያስተምሩ፣ ሌላውን ልጁ ማንበብ ከለመደ በኋላ «የዚህ ወንድም ነው» ብለው ያስተዋውቁት። ገና በጅምሩ «ሐመሩ ሐ»ና «ሀሌታው ሀ» እያሉ ማደናገር አያስፈልግም።

የሚነገረው ቋንቋና የሚማረው ፊደል ይግጠም። ቤቱ ኦሮምኛ የሚነገርበት ከሆነ በቁቤ ይጀምሩ፤ ልጅ የማያውቀውን ቃል ፊደሉን ቢጠራም ማንበብ አይባልም። በውጭ ያሉት ደግሞ የትምህርት ቤቱን ፊደል ለትምህርት ቤቱ ትተው የቤቱን ጊዜ ለአማርኛ ብቻ ያድርጉት።

6. መጻፍን አያስቸኩሉ

መጻፍ ከመለየት በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ትሪ ላይ ስስ ዱቄት ወይም ንጹሕ አሸዋ ነስንሰው በጣት ያስጽፉት፤ ሲሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ቀጥሎ ጠመኔ ይዞ በረንዳው ወለል ላይ በትልቁ ይጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀት። አጭር እርሳስ ይስጡት፤ ለትንሽ ጣት ከረጅሙ ይልቅ እሱ ይታዘዛል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ እጁን ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳዩትና ይልቀቁት።

ገጽ ሙሉ «በ በ በ በ» ማስጻፍ ይቅር። ልጁ ከሦስተኛው መስመር በኋላ የሚጽፈው መልኩ የተበላሸ በ ነው፣ እጁም የሚለምደው ያንን ነው። አምስት ቆንጆ በ ጽፎ የወደደውን ራሱ ቢያከብብ ይሻላል።

ፊደልን ወይም ቁጥርን ገልብጦ መጻፍ እስከ ሰባት ዓመት አካባቢ የተለመደ ነው፣ በሽታ አይደለም። በግራ እጁ የሚጽፈውንም በግራው ይተዉት፤ ወረቀቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብለው ቢሰጡት ይቀለዋል።

7. ጮክ ብለው ያንብቡለት

በየማታው አንድ ታሪክ። ጣትዎ ከቃላቱ ሥር ይሂድ፣ ሥዕሉ ላይ ቆም ይበሉ፣ «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ይበሉ። ያንኑ መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ቢያስነብብዎ አይሰልቹ፤ ታሪኩን በቃሉ የያዘ ልጅ ፊደሉን ከሚያውቀው ቃል ጋር ማጋጠም ይጀምራል። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የተለየ ቦታ ስላለው ቅዳሜ ይዘውት መሄድ ይቻላል።

መጽሐፍ ከሌለ ይሥሩ። ሁለት ነጭ ወረቀት አጥፈው መሀሉን በክር ይስፉና ስምንት ገጽ ይሆናል። ልጁ «ገበያ ሄድን፤ ቲማቲም ገዛን፤ ዝናብ መጣ» ይበል፣ እርስዎ እሱ እንዳለው በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ እሱ ሥዕሉን ይሳል። የተናገረው ነገር ተጽፎ ሲነበብለት መስማት ልጅን ከምንም በላይ ወደ ንባብ ይስባል። በውጭ አገር የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ የቸገራቸው ወላጆች በዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ አንድ መደርደሪያ መሙላት ይችላሉ።

8. በርና መስኮቱን ይክፈቱ

ደጅ ብዙ ትምህርት አለ። የጥላ መርዘምና ማጠር፣ የጉንዳን መንገድ፣ እርጥብ ጥጥ ላይ የተቀመጠ ባቄላ ሲያበቅል በየቀኑ መሳል። ገበያ ላይ ከባድና ቀላል፣ ውድና ርካሽ፣ ሩብ ኪሎና ግማሽ ኪሎ ይታያሉ።

ጊዜን በሚታይ ነገር ያስይዙ። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲቆይ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ምሳ 6 ሰዓት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ 12። በውጭ ያሉ ልጆች በሁለት አቆጣጠር ስለሚኖሩ አንዱ ሳይጸና ሌላው አይጨመር። ወሮቹን ከበዓላት ጋር ያያይዙ፤ መስከረም ከዕንቁጣጣሽ፣ ጥር ከጥምቀት። አሥራ ሦስተኛዋ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ መሆኗ ልጆችን ያስገርማል፣ ያስቆጥራልም።

9. በደብተር ይከታተሉ፣ ትልልቆቹንም ያሳትፉ

በሳምንት አንድ ቀን ሦስት መስመር ይጻፉ፤ ምን ቻለ፣ ምን አስቸገረው፣ ምን ወደደ። ካርዶቹን በውዘው ሳያመነታ የለያቸውን በአንድ ፖስታ፣ ያልለያቸውን በሌላ ያኑሩ። ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድሩ፤ የሚወዳደረው ካለፈው ወር ራሱ ጋር ነው።

ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለ ሥራውን ይካፈሉ። በኢትዮጵያ የቅድመ መደበኛ ትምህርት «ከልጅ ለልጅ» የሚባል አሠራር አለ፤ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ትንንሾቹን በጨዋታ ያስተምራሉ። ቤት ውስጥ ሲሆን ትልቁ መማታትና መሳቅ እንደማይፈቀድለት አስቀድሞ ይነገረው።

ሦስት ዓመት ሞልቶት ሁለትና ሦስት ቃል አጋጥሞ የማይናገር፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ወይም ሥዕል ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ካለዎት ትምህርቱን ከማጥበቅዎ በፊት ጤና ጣቢያ ወስደው ጆሮውንና ዓይኑን ያስመርምሩ። ሰነፍ እየተባሉ የሚቀጡ ልጆች መሀል በደንብ የማይሰሙ አሉ።

ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል የልደት ምስክር ወረቀቱንና የክትባት ካርዱን ቀደም ብለው ያዘጋጁ። የሳምንቱን ማስታወሻ የያዙበትን ደብተርም ይዘው ይሂዱና የትኞቹን ፊደላት እንደሚለይ፣ እስከ ስንት በዕቃ እንደሚቆጥር፣ በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ ለመምህሩ ወይም ለመምህርቷ በግልጽ ይንገሩ። አደራ፣ ትምህርት ቤት ገባ ብለው የማታውን ንባብ አያቋርጡ።